ሐረጎ ላይ የተበጠሰው ቺንጋ፦ የአንድ ኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል የጉዳይ ጥናት

ለምን ተጻፈ

አንድ ኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል በአንድ ክረምት ሁለት ቺንጋ በጠሰ። ሦስተኛው ግን ክረምቱን ጨርሶ በጋውንም ይዞ እየሠራ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቺንጋ ከአንድ ሱቅ የተገዙ፣ አንድ ዓይነት፣ ኦሪጅናል ናቸው። ስለዚህ ልዩነቱ ቺንጋው ላይ አልነበረም። ልዩነቱ አመጣጡ፣ አገጣጠሙና የሚሽከረከርበት ጥርሳም መዘውር፣ ማለትም ስፕሮኬቱ፣ ላይ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ብዙ ይወራል። ስለ ኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ጥገና ግን በአማርኛ የተጻፈ ነገር ማግኘት ከባድ ነው። እኛ አካባቢ የሚታዩት አብዛኞቹ ሞተራቸው የኋላ ቸርኬው ውስጥ ስለሆነ ቺንጋም ካቴናም የላቸውም። ሞተሩ መሃል ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን በጥርሳም ቺንጋ ወደ ኋላ ጎማ የሚያስተላልፉት ጥቂት ናቸው። ጥቂት በመሆናቸው መካኒኩም ጎሚስታውም እንደ ካቴና ያያቸዋል። የዚህ ጉዳይ ጣጣ በሙሉ የመጣው ከዚያ ነው።

ባለጉዳዩና መንገዱ

ባለቤቱ ደሴ የሚኖር ወጣት ነው። ጠዋት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ትንንሽ ዕቃ ያደርሳል፣ ከሰዓት ደግሞ ቲማቲምና ፓፓያ ጭኖ ወደ ደሴ ይመለሳል። ሞተር ሳይክሉን የገዛው ከነዳጅ ሰልፍ ለመገላገል ነው፤ በዚህ በኩል አልተቆጨም።

መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በከፍታ ግን 600 ሜትር ያህል ይለያያሉ። በሁለቱ ከተሞች መሃል ያለው የሐረጎ ዳገት ላይ መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ከባድ መኪና በዝግታ ይወጣል፣ ሞተረኛው ከኋላው እየቆመ እየተነሳ ይከተላል። ቺንጋን የሚጎዳው ይህ ቆም ብሎ መነሳት ነው፤ በተለይ ዳገት ላይ፣ በተለይ በጭነት።

ሒሳቡን ላሳይ። ሰውየው፣ ሞተር ሳይክሉና ጭነቱ አንድ ላይ 250 ኪሎ ይሁን እንበል። በ8 በመቶ ዳገት ላይ ጎማው ወደ 20 ኪሎ የሚጠጋ ጉተታ መስጠት አለበት። የኋላው ስፕሮኬት ግን ከጎማው በ3 እጥፍ ገደማ ያነሰ ነው። ስለዚህ ቺንጋው ላይ የሚያርፈው ጉተታ ወደ 60 ኪሎ ይጠጋል። ይህ በእርጋታ ሲወጣ ነው። ከቆመበት በኃይል ሲነሳ ከዚህ ብዙ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ኤሌክትሪክ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው ገና ከዜሮ ሲነሳ ነው፣ እንደ ቤንዚን ሞተር ዙር እስኪያነሳ አይጠብቅም።

ቁልቁለቱም እረፍት አይደለም። ሲወርድ ሞተሩ ወደ ባትሪ ኃይል እየመለሰ ፍሬን ይይዛል። ያን ጊዜ የሚጎትተው ጎማው ነው፣ የሚጎተተው ሞተሩ። ሲወጣ የቺንጋው የላይኛው መስመር ይወጠራል፣ ሲወርድ ደግሞ የታችኛው። ቺንጋው ከላላ፣ ጥርሱ ስፕሮኬቱ ላይ ሊዘልል የሚችለው በሁለቱም በኩል ነው።

ችግሩ ሲጀምር

የመጀመሪያው ምልክት ድምፅ ነበር። ሞተር ሳይክሉ 10,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆነው ጠዋት ጠዋት ሲጥ ሲጥ ማለት ጀመረ። ደረቅ አቧራ ቺንጋና ስፕሮኬት መሃል ሲገባ እንዲህ ይጮሃል፤ ብዙ ጊዜ በውሃ ሲታጠብ ይጠፋል። አንድ የሞተር ጠጋኝ ግን ዘይት ቀባለት። ድምፁ ለጥቂት ቀን ጠፋ። ከዚያ ዘይቱ አቧራውን ያዘና ጥቁር ሊጥ የመሰለ ነገር ሆነ፤ በጣት ሲያሹት አሸዋው ይሰማል። ያ ሊጥ በየዙሩ የቺንጋውንም የስፕሮኬቱንም ጥርስ ሲሞርድ ከረመ። የዚህ ዓይነት ቺንጋ ቅባት አይፈልግም። ሃርሊ ዴቪድሰን እ.ኤ.አ. በ1980 ቺንጋ ያለው ሞተር ሳይክል ሲያወጣ አንዱ ጥቅሙ ይኸው ነበር፦ አይቀባም፣ አይንጠባጠብም፣ አይጮህም።

ቀጥሎ የኋላው ጎማ ተበሳ። ጎሚስታው ጎማውን አውጥቶ ለጥፎ መለሰው። ሲመልሰው ግን የግራውና የቀኙ ማወጠሪያ ቡሎን እኩል አልነበሩም። ልጁ ቺንጋው በአንድ ጎን ተጠግቶ እንደሚሄድ አይቶ ጠየቀ።

«አብሽር፣ ካቴና ነው እንጂ ምን አለው፤ ሲሄድ ይስተካከላል» ተባለ።

ካቴና ትንሽ ቢዛባ ይታገሳል። ሰፊ ቺንጋ ግን አይታገስም። ጎማው በትንሹ ከተጣመመ ቺንጋው ወደ አንድ ወገን ይሄዳል፣ የስፕሮኬቱን ጠርዝ እያሸ ጎኑን ይበላዋል።

ከዚያ ከቆመበት ሲነሳ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ መጣ። ያ የጥርስ መዝለል ነው። ጠጋኙ ይህንንም እንደ ካቴና መላላት ቆጥሮ በጣም አጠበቀው። ድምፁ ጠፋ፤ ግን አሁን ከልክ በላይ የተወጠረው ቺንጋ የሞተሩን ዘንግ ኩሽኔታ ቀንና ሌሊት መጎተት ጀመረ።

ሐረጎ ላይ

ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ዝናብ አባርቶ፣ ጎርፉ ጠጠር አስፋልቱ ላይ በትኖ በሄደበት ከሰዓት፣ ልጁ ፓፓያ ጭኖ ከአንድ የጭነት መኪና ኋላ ቆሞ ሊነሳ ሲል ቺንጋው ሄደ። ሞተሩ እያፏጨ ይዞራል፣ ጎማው ቆሟል። ወደ ላይ በሚወጣ አይሱዙ አስጭኖ ደሴ ገባ።

ይህ የመጀመሪያው ቺንጋ ስላልተጣለ በኋላ ለማየት ዕድል አገኘን። በተከታታይ ከ10 በላይ ጥርስ ከሥሩ ተነቅሏል። አንደኛው ጎኑ ተበልቶ ውስጡ ያለው ጭረት (ቀጭን ክር) እንደ ፀጉር ወጥቷል፣ ሌላው ጎኑ ደህና ነው። የተበጠሰበት ቦታ የተቦጫጨቀና ያልተስተካከለ ነው። ሦስቱም የየራሳቸውን ነገር ይናገራሉ፦ የጥርሱ መነቀል የመላላትና ያለቀ ስፕሮኬት፣ የአንድ ወገን ጎን መበላት የመጣመም፣ የተቦጫጨቀ መበጠስ ደግሞ በድንገት የመጣ ከባድ ጉተታ ምልክት ነው።

በዚያን ጊዜ ግን ማንም አላየውም። «ቺንጋው አለቀ፣ አዲስ አምጣ» ተባለ፣ አለቀ።

ሁለተኛው ቺንጋ

ደሴም ኮምቦልቻም ልኩ አልተገኘም። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ገዝቶ በአውቶቡስ ላከ። ሲመጣ ፌስታል ውስጥ ነበር፣ ለሁለት ታጥፎ፣ እንዳይዘረጋ መሃሉ በሲባጎ ታስሮ።

እዚህ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከጠቅላላው ጉዳይ በጣም የሚያንገበግበው ይህ ነው። የቺንጋው ጉልበት ከላይ ከሚታየው ላስቲክ አይደለም። ውስጡ ርዝመቱን ተከትለው የተዘረጉ የካርቦን ወይም የአራሚድ (ጠንካራ ሰው ሠራሽ ክር) ጭረቶች አሉ፤ ጭነቱን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። የካርቦን ጭረት እንደ ደረቅ ሰንበሌጥ ነው፤ ሲጎትቱት ይችላል፣ ሲያጥፉት ቀጭ ይላል። ታጥፎ የተሰበረ ጭረት ደግሞ ከውጭ አይታይም። ቺንጋው ሲዘረጋ አዲስ ይመስላል፣ ይገጠማል፣ ይሠራል። አንድ ቀን ግን በታጠፈበት ቦታ ይበጠሳል።

ሲገጠምም ሌላ በደል ተፈጸመበት። ማወጠሪያውን አላልቶ ጎማውን ወደፊት ከመግፋት ይልቅ ካቻቢቴ አስገብተው እየፈለቀቁ በኋላው ስፕሮኬት ላይ በግድ አወጡት።

ሦስት ሳምንት አልሞላውም። የተበጠሰው ልጁ ባዶውን፣ ሜዳ ላይ፣ በዝግታ ሲሄድ ነው። አበጣጠሱን ሳየው በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል፤ ከጎን እስከ ጎን ቀጥ ያለ መስመር። ጥርሶቹ ሁሉ በቦታቸው አሉ። እንዲህ ቀጥ ብሎ የሚበጠስ ቺንጋ ብዙ ጊዜ የታጠፈ ቺንጋ ነው። ልጁ ያመጣውን ፌስታልና ሲባጎ ገና አልጣለም ነበር። ሲባጎው የታሰረበትን ምልክት ከተበጠሰበት ቦታ ጋር አስተያየነው፤ ገጠመ።

ከስር መፈተሽ

ጉዳዩ ወደ እኔ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። የምሠራው የኤሌክትሪክ ዕቃ ጥገና ስለሆነ «ኮንትሮለሩ ነው ቺንጋ የሚበላው» ብለው ላኩት፤ ኮንትሮለር ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ዕቃ ነው። ኮንትሮለሩ ደህና ነበር። ልጁ ግን ሁለት ቺንጋ በእጁ ይዞ ቆሟል፣ አንዱ ዋጋ ከሳምንት ገቢው በላይ ነው። ሌላ ቺንጋ ገዝቶ መሞከር ይቅርና ምክንያቱን እንፈልግ ብለን ዕድሜውን ሙሉ በመኪና ጥገና ከኖሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ጋር ተቀመጥን።

«ልጄ፣ መጀመሪያ ቺንጋውን እርሳው፤ የሚዞርበትን አሳየኝ» አሉት።

የኋላው ጎማ ወጣ፣ ከዚያ የፊተኛው ስፕሮኬት ታየ። አሉሚኒየም ነው። ላዩ ላይ የነበረው ጠንካራ ሽፋን ተፍቆ ነጭ ብረቱ ወጥቷል። የጥርሶቹ አንድ ጎን ተበልቶ ወደ መንጠቆ ዞሯል። ጥፍር ሲያሳልፉበት ይይዛል። በዚህ ስፕሮኬት ላይ የሚገጠም አዲስ ቺንጋ ታጥፎ ባይመጣ እንኳ ዕድሜ አይኖረውም ነበር።

ጋሼ ቀጥለው የሞተሩን ዘንግ ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቁት። ይንቀጫቀጫል። ኩሽኔታው አልቋል፤ ያ ከልክ በላይ ማጥበቅ ያመጣው መሆኑን ሁላችንም አልተጠራጠርንም። በመጨረሻም የኋላውን ጎማ ከሚይዘው ሹካ መገጣጠሚያ እስከ ጎማው ፔርኖ (መሃሉን የሚያልፈው ዘንግ) ያለውን ርቀት በግራና በቀኝ በሜትር ለኩ። ልዩነቱ 4 ሚሊ ሜትር ነበር። ማወጠሪያው ላይ የተቀረጹት መስመሮች ግን እኩል ያሳያሉ። መስመሮቹን ማመን አይቻልም ማለት ነው፤ መለካት ነው ያለብን።

ቶርኖ ቤት ያልሠራው

ስፕሮኬቱን ከአዲስ አበባ ከመጠበቅ እዚሁ ከብረት እናስወጣው ብለን ኮምቦልቻ አንድ ቶርኖ ቤት አሠራን። ባለሙያው ጎበዝ ነው፣ ልኩንም የጥርሱን ቁጥርም አልሳተም። የጥርሱን ቅርጽ ግን አላገኘውም። የዚህ ቺንጋ ጥርስ ድቡልቡል ነው፤ እሱ ያወጣው ግን ጎኑ ቀጥ ያለ ነው። የድሮውን ቺንጋ ደህና ክፍል ስናስቀምጥበት ጥርሱ ወደ ውስጥ አልገባም፣ ጫፍ ላይ ተንሳፈፈ። አልገጠምነውም። ገንዘቡ ባከነ። ቶርኖ ቤቶቻችን ብዙ ነገር ይሠራሉ፣ ለዚህ ግን ትክክለኛ መቁረጫ ካልተገኘ በስተቀር መሞከር አይመከርም።

ስለዚህ ስፕሮኬትና ቺንጋ አብረው ከአዲስ አበባ ታዘዙ። ኩሽኔታው እዚሁ ደሴ ተገኘ፤ ቁጥሩ ጎኑ ላይ ስለተጻፈ ችግር አልነበረም። ለቺንጋው የተላከው መመሪያ አጭር ነበር፦ በካርቶኑ ይምጣ፣ አይታጠፍ፣ አይታሰር፣ ላዩ ላይ ዕቃ አይጫን። የሚመጣ ተሳፋሪ ተፈልጎ በእጁ ይዞ መጣ።

አገጣጠሙ

ስፕሮኬቶቹ በሳሙና ውሃ ታጥበው፣ የድሮው ዘይት ጨርሶ ወጥቶ፣ ደረቁ። ማወጠሪያው ሙሉ በሙሉ ላላ፣ ጎማው ወደፊት ተገፋ፣ ቺንጋው ያለ ምንም ብረት በእጅ ብቻ ገባ። በዚህ ሞተር ሳይክል የኋላው ሹካ በቺንጋው መሃል ስለሚያልፍ ሹካውን በአንድ ወገን መፍታት ግድ ነበር። ቺንጋው ቀለበት ነው፣ እንደ ካቴና ተቆርጦ አይቀጠልም። ሥራውን ረጅም ያደረገው ይህ ነው፤ ጠጋኞች ካቻቢቴ የሚያነሱትም ለዚህ ይመስለኛል።

አሰላለፉን በሜትር ካስተካከሉ በኋላ ጋሼ ጎማውን በእጃቸው ወደፊት አዞሩት፣ ከዚያ ወደ ኋላ። ቺንጋው በሁለቱም አቅጣጫ የስፕሮኬቱን ጠርዝ ሳያሽ መሃል ላይ እስኪሄድ ድረስ በሩብ ዙር በሩብ ዙር ቡሎኑን አዛወሩ። ይህ ብቻውን አንድ ሰዓት ያህል ወሰደ። ትዕግሥታቸው ያስቀናል።

ውጥረቱን መለካት

ውጥረት በጣት ተጭኖ አይገመትም። የሞተር ሳይክሉ መመሪያ በታችኛው መስመር መሃል በ4.5 ኪሎ ሲጎተት 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ይውረድ ይላል። ልዩ መሣሪያ የለንም። ሥጋ ቤት የሚጠቀሙበትን ዓይነት የእጅ ሚዛን ቺንጋው ላይ አንጠልጥለን 4.5 እስኪያሳይ ወደ ታች ጎተትን፣ በማስመሪያ አየን።

ሁለት ነገር እዚህ ላይ ወጣ። አንደኛ፣ ጎማውን ሩብ ዙር እያዞርን ስንለካ ውጥረቱ አንድ ዓይነት አልነበረም። ስፕሮኬት ፍጹም ክብ አይሆንም፤ አንድ ቦታ ይጠብቃል። መስተካከል ያለበት በጣም በሚጠብቅበት ቦታ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ልጁና ሌላ ሰው ሲቀመጡበት ቺንጋው ይበልጥ ተወጠረ፤ ምክንያቱም ሹካው ሲወርድ በሁለቱ ስፕሮኬቶች መሃል ያለው ርቀት ይጨምራል። ባዶውን ልክ የሆነ ቺንጋ ፓፓያ ሲጫንበት ከልክ በላይ ሊጠብቅ ይችላል። ስለዚህ ሰው ተቀምጦበትም ተለካ።

የሠራውና ያልሠራው

አዲስ ስፕሮኬት፣ አዲስ ኩሽኔታና ያልታጠፈ ቺንጋ አብረው መግባታቸው ዋናው ነው። ከታች ከላሜራ ትንሽ መከለያ፣ ከጎማው ፊት ደግሞ ከአሮጌ የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ተደረገ፤ ክረምት የሚበተነው ጠጠር ቺንጋና ስፕሮኬት መሃል ከገባ ጭረቱን ስለሚበሳ። ከኮንትሮለሩ ላይ አነሳሱን አለሰለስነው፣ ሲወርድ የሚይዘውንም ፍሬን አንድ ደረጃ ቀነስነው። ልጁ መጀመሪያ «ሰነፍ ሆነብኝ» ብሎ ነበር፣ ለመደው።

ያልሠራው ጭነት መቀነስ ነው። መከርነው፣ ለሁለት ሳምንት ሞከረ፣ ተወው። በአንድ ጉዞ ያነሰ ፓፓያ ማለት ለቤቱ ያነሰ ገንዘብ ነውና ልንፈርድበት አንችልም። በምትኩ የተስማማው ዳገት ላይ ሲነሳ ጋዙን ቀስ ብሎ መስጠትን ነው።

ኅዳር ላይ ቺንጋው ተከፍቶ ታየ። ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ሁለቱም ጎኖች ንጹሕ ናቸው። አንድ ቦታ መሃሉ ላይ ጠጠር የነካው ጥልቀት የሌለው ጠባሳ አለ። ጠባሳው መሃል ላይ ስለሆነ እየተከታተልን እንድንነዳ ወሰንን፤ ጎን ላይ ቢሆን ኖሮ እንቀይረው ነበር፣ ምክንያቱም ከጎን የጀመረ መሰንጠቅ ይስፋፋል።

ለሌላው የሚሆን

ቺንጋ ሲበጠስ አይጣል። አበጣጠሱ ምክንያቱን ይዟል፣ ጠጋኙ ዘንድ ከመሄድ በፊት በደንብ ይታይ። ጎማ ለመለጠፍ ሲወጣም ከጎሚስታው አጠገብ ቁሙ፤ ከመፍታቱ በፊት የግራና የቀኙን ርቀት ለኩና ጻፉ፣ ሲመልሰው ያው ይሁን። በየሳምንቱ አንድ ጊዜ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ወጥቶ፣ ጎማውን በእጅ እያዞሩ ጥርስ የጎደለ፣ ጎኑ የተበላ፣ ድንጋይ የተሰነቀረ ካለ ማየት ብዙ ያድናል። ቁልፉ መውጣቱን አደራ፤ ኤሌክትሪክ ሞተር ድምፅ የለውም፣ ጋዙ በስህተት ከተነካ ጣት ይዞ ይሄዳል።

መጠባበቂያ ቺንጋ ከገዛችሁ ከትንሹ ስፕሮኬት ባነሰ ክብ አትጠቅልሉት፣ ወደ ኋላ አትገልብጡት፣ በቀጭን ምስማርም አትስቀሉት። ዘይት ካለበትና ፀሐይ ከሚያገኘው ቦታም ይራቅ።

ስታዝዙ ደግሞ ልኩን በርዝመት ብቻ አትናገሩ። የዚህ ሞተር ሳይክል ቺንጋ ጀርባ ላይ 1440-8ኤም-30 ይላል፦ 1440 ሚሊ ሜትር ርዝመት፣ በጥርስና በጥርስ መሃል 8 ሚሊ ሜትር፣ ወርዱ 30 ሚሊ ሜትር። 1440 ለ8 ሲካፈል 180 ጥርስ ይሆናል፤ ጽሑፉ የጠፋበት ሰው ጥርሱን ቆጥሮ ልኩን ያገኛል። የቁጥሮቹ ቅደም ተከተል በየአምራቹ ይለያያል፤ የጥርሱም ቅርጽ እንዲሁ፣ 8 ሚሊ ሜትር ሁሉ እርስ በርሱ አይገጥምም። ስለዚህ ጽሑፉ ተፍቆ ሳይጠፋ፣ ዛሬ፣ የቺንጋችሁን ጀርባና የጥርሱን ጎን ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ፤ ለሻጩ የምትልኩለት እሱን ነው።